ድንበር ላይ የሚዘል ሙቀት፦ «ዲስኮንቲንዩየስ» የተባለው ስሌት ለመሀል አዲስ አበባ ሕንፃዎች ምን ይፈይዳል?

ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ መስታወት የለበሱ ሕንፃዎች ሲበዙ አብሯቸው የበዛ አንድ ሰነድ አለ፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ የሙቀትና የአየር ፍሰት ምስል። አማካሪው «ሲሙሌሽን ተሠርቶለታል» ይላል። አሠሪው ቀዩን አይቶ ይሰጋል፣ ሰማያዊውን አይቶ ይረጋጋል። ሥዕሉ በምን ስሌት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ጥያቄው ሲነሳም የሚነሳው ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ሰበብ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ «ዲስኮንቲንዩየስ ጋለርኪን» የሚል ሐረግ ሲገኝ ግማሹ ሰው «የተቋረጠ» ብሎ ይተረጉመውና «የክፍል ሙቀት ደግሞ እንዴት ይቋረጣል?» ብሎ ይጠረጥራል። ሌላው ወገን ስሙ አዲስና ከባድ ስለሆነ ብቻ ከተለመደው የተሻለ መሆን አለበት ብሎ ይቀበላል። ሁለቱም ስተዋል። አየሩም ሙቀቱም እንደወትሮው አንድ ወጥ ሆኖ ይፈሳል፤ የተቆራረጠው ስሌቱ ሙቀቱን ለመግለጽ የሚጠቀምበት ቀመር ነው። ይህም ሆን ተብሎ፣ ቦታው ታውቆ የተደረገ ነው። ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ከመሠረቱ መጀመር ይሻላል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሽንሸናው

ኮምፒውተር የአንድን አዳራሽ አየር በየነጥቡ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ቦታው ወደ ትንንሽ ክፍልፋዮች ይሸነሸናል። ክፍልፋዩ ኤለመንት፣ ሽንሸናው ሜሽ ይባላል። በእያንዳንዱ ኤለመንት ውስጥ መጠነ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱና ግፊቱ በቀላል ቀመር፣ በፖሊኖሚያል ይወከላሉ። የፖሊኖሚያሉ ደረጃ 0 ሲሆን ኤለመንቱ ውስጥ ያለው አንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ ነው፤ 1 ሲሆን ቀጥ ያለ ተዳፋት ይይዛል፤ 2፣ 3፣ 4 እያለ ሲወጣ የጎበጠና የተጠማዘዘ ቅርጽ መያዝ ይችላል። ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ በጥቅሉ ይኸው ነው። ጋለርኪን የሚለው ስም በ1915 ባሳተመው ሥራ ይህን የአሰላል መንገድ ካስተዋወቀው ሩሲያዊ መሐንዲስ ከቦሪስ ጋለርኪን የተወሰደ ነው።

በተለመደው፣ ቀጣይ (ያልተቆራረጠ) በሚባለው ዘዴ፣ ሁለት ጎረቤት ኤለመንቶች በሚጋሩት ድንበር ላይ አንድ ዓይነት መጠነ ሙቀት እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር የጋራቸው ነው። በዲስኮንቲንዩየሱ ዘዴ ይህ ግዴታ ይነሳና እያንዳንዱ ኤለመንት የራሱን ቁጥሮች ብቻ ይይዛል። በዚህም የተነሳ አንዱን ድንበር ከግራ ያየ 30.4፣ ከቀኝ ያየ 29.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያነብ ይችላል። የ0.6 ዲግሪው ልዩነት «ዝላይ» ይባላል።

ኬላው

ዝላይ ከተፈቀደ ወዲያው አንድ ችግር ይመጣል። በድንበሩ ያለፈው ሙቀት በየትኛው ቁጥር ይታሰብ?

ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ። የአንድ ፊቱ ስፋት 0.01 ካሬ ሜትር ነው። አየር በሰከንድ 0.5 ሜትር ፍጥነት ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። የአዲስ አበባ አየር እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ስፔሲፊክ ሂቱም (አንድ ኪሎ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል) በኪሎ ግራምና በዲግሪ 1,005 ጁል ነው። እነዚህ ሲባዙ በዚያች ፊት በኩል የሚያልፈው አየር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4.5 ዋት ያህል ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ግራው ኤለመንት በ30.4 ሒሳብ «ልኬያለሁ»፣ ቀኙ በ29.8 ሒሳብ «ተቀብያለሁ» ቢሉ 2.7 ዋት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ለአንድ ፊት ኢምንት ነው። እንዲህ ያሉ 1,000 ፊቶች ባሉበት አዳራሽ ግን የጠፋው 2.7 ኪሎ ዋት ይደርሳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ብዙም አይርቅም።

መፍትሔው ድንበሩ ላይ አንድ ኬላ ማቆም ነው። ዕቃው የሚመዘነው አንዴ ነው፤ የላኪውም የተቀባዩም መዝገብ በዚያው ሚዛን ይጻፋል። በሙያው ቋንቋ ይህ «ኑሜሪካል ፍለክስ» ይባላል። አየሩ ከግራ የሚመጣ ከሆነ ኬላው የግራውን 30.4 ይይዛል፤ ዜናው ከነፋሱ ጋር ስለሚመጣ የመጪው ወገን ቃል ይጸናል። ከዚያ በኋላ የገባው ሲደመር፣ የወጣው ሲቀነስ፣ በውስጡ የተፈጠረው ሲታከል እያንዳንዱ ኤለመንት ለብቻው ሒሳቡን ይዘጋል። የዲስኮንቲንዩየሱ ዘዴ ትልቁ ስጦታ ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የኬላ ሐሳብ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ፖሊኖሚያሉ ደረጃ 0 ከሆነ ዘዴው ወርዶ ወርዶ ፋይናይት ቮልዩም ይሆናል፤ ማለትም ብዙዎቹ የአየር ፍሰት ሶፍትዌሮች፣ ፍሉዌንትና ኦፕንፎምን ጨምሮ፣ የሚሠሩበት ዘዴ። ዲስኮንቲንዩየስ ጋለርኪን ከፋይናይት ቮልዩም ኬላውን፣ ከፋይናይት ኤለመንት ደግሞ ከፍ ያለውን ፖሊኖሚያል ወስዶ የተዳቀለ ነው።

በነፋስ የሚሄደውና በግድግዳ የሚሰርገው

ዘዴው የተወለደው ከሕንፃም ከአየርም ርቆ ነው። በ1973 ሪድና ሂል የተባሉ፣ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የኒውትሮንን ጉዞ በሦስት ማዕዘን ሜሽ ላይ ለማስላት ተጠቀሙበት። ኒውትሮን ወደታወቀ አቅጣጫ ስለሚሄድ ኤለመንቶቹን በመንገዱ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ መፍታት ተቻለ። በቀጣዩ ዓመት ሌሳንና ራቪያር የሒሳብ ማረጋገጫውን አቀረቡ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮክበርንና ሹ ሩንጌ-ኩታ ከሚባለው፣ ጊዜን በርምጃ ከፋፍሎ ከሚያሰላው መንገድ ጋር አጣምረው ለአስቸጋሪ የፍሰት ቀመሮች አበቁት። ባሲና ሬባይ ደግሞ በ1997 ዝልግልግነት ላለው ጋዝ፣ ማለትም የፈሳሽና የጋዝን እንቅስቃሴ ለሚገልጸው ለሙሉው ናቪየ-ስቶክስ ቀመር አደረሱት። ከመነሻው አቅጣጫ ላለው ጉዞ የተሠራ መሆኑ ጥንካሬውንም ድክመቱንም ይገልጻል።

ጥንካሬው በነፋስ በሚሄደው ሙቀት ላይ ይታያል። በተለመደው ቀጣይ ፋይናይት ኤለመንት ምንም ማስተካከያ ሳይደረግ አየር ሲሰላ መጠነ ሙቀቱ መርገብገብ የሚጀምርበት መለኪያ አለ፤ የኤለመንት ፔክሌ ቁጥር ይባላል። ፍጥነቱ በኤለመንቱ ስፋት ተባዝቶ ለሙቀት ሥርገት መጠኑ (ሙቀት ያለ ነፋስ በራሱ ለሚዛመትበት መጠን) እጥፍ ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ1 ካለፈ አደጋ አለ። በሰከንድ 0.5 ሜትር ለሚሄድ አየርና ለ5 ሴንቲ ሜትር ኤለመንት ቁጥሩ 440 ይደርሳል። ነውጥ (የአየሩ መታወክና መቀላቀል) ሥርገቱን መቶ እጥፍ ቢያሳድገው እንኳ ከ4 በላይ ነው። እንዲህ ሲሆን 18 ዲግሪ አየር ገብቶ 35 ዲግሪ ግድግዳ በሚነካበት ክፍል ውስጥ ሥዕሉ 16 ወይም 38 ዲግሪ ማሳየት ይጀምራል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ከጎን ያለውን የቀለም መለኪያ ታችኛና ላይኛ ቁጥር ማንበብ አለበት። ከምንጩ የሞቀ አየር ማንም አላመጣም፤ ሥዕሉ ካመጣ የተሳሳተው ስሌቱ ነው።

ድክመቱ ያለው ሙቀት በጠጣር ነገር ውስጥ በሚሰርግበት ጊዜ ነው። ብሎኬት ውስጥ ነፋስ የለም፤ ሙቀት በሁለቱም አቅጣጫ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ኬላው የሚያምነው «መጪ ወገን» የለም። የዋሁ መፍትሔ የሁለቱን ወገን ተዳፋት አማካይ መውሰድ ነው። ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሳይፈነዳ፣ የሚያምር ሥዕል እየሰጠ፣ ሜሹ ምንም ያህል ቢደቅቅ የማይቀንስ ስህተት ተሸክሞ ይሄዳል።

መድኃኒቱ «ቅጣት» ነው። በድንበሩ ላይ ለታየው ዝላይ ተመጣጣኝ የሆነ የሙቀት ፍሰት ይጨመራል፤ ዝላዩ ሲሰፋ ቅጣቱ ይከብድና ሁለቱን ወገኖች ያቀራርባል። መጠኑ ከሙቀት አስተላላፊነቱና ከፖሊኖሚያሉ ደረጃ ካሬ ጋር ያድጋል፣ ከኤለመንቱ ስፋት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ተግባራዊ ትርጉሙ ቀላል ነው። ደረጃ 1 ላይ በደንብ የሠራ ፋይል ደረጃ 4 ላይ ሲወጣ ቅጣቱ 16 እጥፍ ማደግ አለበት። ይህን የረሳ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ሚሊዮን ዲግሪ ያነባል። ለጥንቃቄ ብሎ መቶ እጥፍ የጨመረ ደግሞ መልሱን ያገኛል፤ ፈቺው አልጎሪዝም ግን እያዘገመ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ሥራ ያሳድረዋል።

የተለያዩ ቁሶች ሲገናኙ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ኮንክሪት በሜትርና በዲግሪ 1 ዋት ገደማ፣ የአረፋ መከላከያ 0.035 ዋት ያስተላልፋሉ እንበል። በድንበራቸው ላይ ቅጣቱ በተራ አማካይ ከተሰላ 0.52፣ በሐርሞኒክ አማካይ ከተሰላ 0.068 ይሆናል፤ ከሰባት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ሙቀት ተከታትሎ በሁለት ቁስ ሲያልፍ የሚወስነው ደካማው አስተላላፊ ስለሆነ ተራው አማካይ ለአረፋው የማይገባውን ክብደት ይሰጠዋል።

አንዳንዴ ዝላዩ እውነተኛ ነው። ኮምፒውተር ቺፕና ማቀዝቀዣ ብረቱ፣ ወይም የአሉሚኒየም ፍሬምና መስታወቱ ሲጋጠሙ በመካከላቸው በዓይን የማይታይ የአየር ክፍተት ይኖራል፤ በሁለቱ ገጾች መካከል መጠነ ሙቀቱ በትክክል ይዘላል። ቀጣይ በሆነው ዘዴ ይህን ለመያዝ ከፀጉር የቀጠነ ኤለመንት መሸንሸን ወይም በድንበሩ ላይ ነጥቦችን በልዩ ሁኔታ መደረብ ያስፈልጋል። እዚህ ግን ዝላዩ ድሮም የተፈቀደ በመሆኑ ቅጣቱን አውጥቶ በቦታው የግንኙነቱን ሙቀት የመቋቋም አቅም ማስገባት ይበቃል። የአንድ መስመር ለውጥ ነው።

ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ

ከፍ ያለ ፖሊኖሚያል ስለታም ለውጥ ሲገጥመው ይወዛወዛል። የሒሳብ ሊቁ ጎዱኖቭ በ1959 ያሳየው ነገር አለ፤ አንድ ሊኒያር ዘዴ ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ትክክለኛ እየሆነ አዲስ ከፍታና ዝቅታ አልፈጥርም ሊል አይችልም። ስለዚህ ዲስኮንቲንዩየሱ ዘዴ ብቻውን ከመወዛወዝ አያድንም፤ መርገብገቡን በአንድና ሁለት ኤለመንት ውስጥ ይገድበዋል እንጂ። የቀረውን «ሊሚተር» የሚባል ገደብ ይይዘዋል። ሊሚተሩ የኤለመንቱን አማካይ ሳይነካ ፖሊኖሚያሉን ወደ አማካዩ ይጨምቀዋል፤ ሒሳቡ እንደተዘጋ ይቆያል። በየቦታው ከተለቀቀ ግን እውነተኛውን ኩርባም ይደፈጥጣል፣ ደረጃ 4 ተከፍሎበት ደረጃ 1 ይገዛል።

የጊዜው ርምጃ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ቀጥታ በሚራመድ ስሌት የርምጃው ጣሪያ የኤለመንቱ ስፋት ለፍጥነቱ ተካፍሎ፣ ከዚያም ለደረጃው እጥፍና አንድ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ለ5 ሴንቲ ሜትር ኤለመንት፣ ለ0.5 ሜትር በሰከንድና ለደረጃ 3 ርምጃው 0.014 ሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት ፍሰት 250,000 ርምጃ ይጠይቃል። ከባድ ነው፣ ይቻላል። አየሩን እንደሚጨመቅ ጋዝ የወሰደ ሰው ግን በሰከንድ 343 ሜትር የሚሄደውን የድምፅ ሞገድም መከተል ይኖርበታል። ያኔ ለዚያችው አንድ ሰዓት ከ170 ሚሊዮን በላይ ርምጃ ያስፈልጋል። ለቢሮ አየር የማይጨመቅ ፍሰት፣ በሙቀት ምክንያት የሚመጣው የክብደት ልዩነት ብቻ የታከለበት (ቡሲኔስክ የሚባለው) ቀመር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው። የፍጥነቱ ስሌት በእያንዳንዱ ኤለመንት የገባውንና የወጣውን አየር እኩል ካላደረገ፣ ያ ፍጥነት ወደ ሙቀቱ ቀመር ሲገባ ከምንም የመጣ ሙቀት ይፈጥራል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ምንጮቹን በሙሉ አጥፍቶ፣ ክፍሉንም የሚገባውንም አየር 20 ዲግሪ አድርጎ ማስኬድ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የትኛውም ጥግ 20.3 ወይም 19.6 ካነበበ ጥፋቱ የፍጥነቱ ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ ፋይል ላይ ስለ መስታወት ዓይነት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ክብ ዓምዶችና ክብ የአየር ቱቦዎች ላይም ስህተት ይደጋገማል። ባሲና ሬባይ በ1997 እንዳሳዩት፣ ከፍ ያለ ደረጃ እየተጠቀሙ ክቡን በቀጥታ መስመር መሸንሸን በማዕዘኖቹ ላይ የሌለ ፍሰት ይፈጥራል፤ የኤለመንቱ ጠርዝም መጉበጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጤቱ ወደ ሥዕል ሲቀየር አንድ ተጨማሪ ነገር ይደርስበታል። ብዙ የሥዕል ፕሮግራሞች በጥጉ የሚገናኙትን ቁጥሮች አማክለው ያለሰልሱታል። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ዝላዮቹ ይጠፋሉ። ዝላዩ ደግሞ የስህተቱ ራሱ ማሳያ ነው። ለስላሳ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የ0.01 ዲግሪ ዝላይ ካለ ሜሹ በቂ ነው፤ የ2 ዲግሪ ዝላይ ካለ እዚያ ቦታ ሜሹ መድቀቅ ወይም ደረጃው መጨመር አለበት። ያልለሰለሰውን፣ ስንጥቁ የሚታየውን ሥዕል የሚያቀርብ አማካሪ ሥራውን ያከበረ ነው። አሠሪው ስንጥቁን አይቶ «ይህ ያልተጠናቀቀ ነው» ቢል ግን የሚቀጥለው ሪፖርት ለስልሶ ይመጣል።

ዋጋው

ድንበር ላይ ያለው ቁጥር ስለማይጋራ ቁጥሮቹ ይበዛሉ። በኩብ ሜሽ ላይ ከቀጣዩ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር በደረጃ 1 ስምንት እጥፍ፣ በደረጃ 2 ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በደረጃ 4 ሁለት እጥፍ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ዲስኮንቲንዩየሱን በደረጃ 1 መጠቀም ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው፤ የሚያዋጣው ከፍ ሲሉ ነው።

ከፍ ሲሉ ደግሞ ማኅደረ ትውስታው ይመጣል። 100,000 ኩብ ኤለመንት፣ አምስት ያልታወቁ መጠኖች (ሦስት የፍጥነት አቅጣጫ፣ ግፊትና መጠነ ሙቀት) እንውሰድ። በደረጃ 1 እያንዳንዱ ኤለመንት 40 ቁጥር አለው፤ ከራሱና ከስድስት ጎረቤቶቹ ጋር ያለው የግንኙነት ሰንጠረዥ ለሁሉም ሲደመር 9 ጊጋባይት ገደማ ነው። በደረጃ 3 ቁጥሩ 320 ይሆንና ሰንጠረዡ ወደ 570 ጊጋባይት ያድጋል። የመጀመሪያው ጥሩ ላፕቶፕ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው በመሀል ከተማ ባሉ አብዛኞቹ የአማካሪ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ በሚገኝ ማሽን አይሞከርም። የሚሠሩት ሰዎች ሰንጠረዡን ሳያስቀምጡ በየርምጃው እንደገና እያሰሉ ያልፉታል፤ ወይም በ2009 የቀረበውን፣ በድንበሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ወደ ጋራ ቀመር የሚያመጣውን የተዳቀለ ዓይነት ይጠቀማሉ። ዲል-ቱ፣ ኤምፌም፣ ፌኒክስና ኔክታር ፕላስ ፕላስ የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናሉ፤ የፈቃድ ክፍያ የለባቸውም፣ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ግን ይፈልጋሉ። (መብራት ሲጠፋ የሦስት ቀን ሥራ አብሮ እንዳይጠፋ በየሰዓቱ ያለበትን ደረጃ ወደ ዲስክ እንዲጽፍ ማዘዝም የእነሱ ድርሻ ነው።)

ታዲያ ማን ትክክል ነው?

የፋይናይት ቮልዩም መሐንዲሶች ክርክር ጠንካራ ነው። በቢሮ አየር ስሌት ውስጥ ትልቁ ስህተት ከዘዴው አይመጣም ይላሉ፤ ከነውጡ ሞዴል፣ ከአየር መግቢያው ግምትና ስንት ሰው፣ ስንት ኮምፒውተር አለ ከሚለው ይመጣል። የሰው ብዛት በ30 በመቶ ተሳስቶ ሳለ የስሌቱን ስህተት ከ2 ወደ 0.2 በመቶ ማውረድ ምን ይጠቅማል? የቀጣዩ ዘዴ ወዳጆችም በ1982 ብሩክስና ሂዩዝ ያቀረቡት፣ ነፋሱን ተከትሎ መርገብገቡን የሚያረግበው ማስተካከያ ካለ ያን ያህል ቁጥር ማባዛት አያስፈልግም ባዮች ናቸው።

የዲስኮንቲንዩየሱ ደጋፊዎች መልስ በጊዜ የሚለዋወጠውን ፍሰት ይመለከታል። በረጃጅም ሕንፃዎች ጎን የሚፈለቀቅ አዙሪት፣ በአትሪየም (በሕንፃ መሀል ባለ ከፍ ያለ ክፍት አዳራሽ) ውስጥ የሚወጣ ጭስ፣ ከማቀዝቀዣ ማሽን የሚነሳ የሙቅ አየር ዓምድ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ስሌት እነዚህን በየኤለመንቱ ትንሽ ትንሽ እያደበዘዘ ከሁለትና ሦስት ሕንፃ ርቀት በኋላ ያጠፋቸዋል። ከፍተኛ ደረጃ በጥቂት ኤለመንት ርቆ ይሸከማቸዋል። 209 ሜትር የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት አካባቢ ያለውን የነፋስ አዙሪት ለማስላት ለሚያስብ ይህ ከባድ ነጥብ ነው። በ5 ሜትር በሰከንድ ነፋስ 30 ሜትር ስፋት ካለው ባለ አራት ማዕዘን ግንብ የሚፈለቀቀው አዙሪት በግምት 50 ሰከንድ ዑደት አለው፤ ጥቂት አስር ዑደት ለማየት ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ፍሰት መሰላት አለበት፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አዙሪቱ ሳይደበዝዝ።

ክርክሩ ሥራው ምን እንደሆነ ሲለይ አብዛኛው ይፈታል። የግድግዳና የጣሪያ ሙቀት ለማስላት ቀጣዩ ፋይናይት ኤለመንት፣ ብዙ ጊዜም ካልኩሌተር ይበቃል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከጎን ግድግዳ ይልቅ ጣሪያው፣ ከሰሜንና ደቡብ ይልቅ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ የሚመታቸው የምሥራቅና ምዕራብ መስታወቶች እንደሚከብዱ ለማወቅ ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም። ለተረጋጋ የቢሮ አየር ፋይናይት ቮልዩም ተገቢ ነው። ለሚንቀሳቀስ ጭስ፣ ለአዙሪትና ግንኙነታቸው በሚዘልባቸው ቁሶች ዲስኮንቲንዩየሱ ዋጋውን ይመልሳል። ለመደበኛ የቢሮ ሕንፃ ይህን ዘዴ የሚያስከፍል ሪፖርት «ለምን?» ሊባል ይገባዋል፤ መልሱ «ዘመናዊ ስለሆነ» ከሆነ ገንዘቡን ለመስታወት ጥላ ማዋል ይሻላል።

2,350 ሜትር ከፍታ ላይ

ከዘዴው ምርጫ በላይ መልሱን የሚያዛባ፣ በውጭ አገር መመሪያ ውስጥም ጎልቶ የማይጻፍ ጉዳይ ከፍታው ነው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትርና ከዚያ በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ እፍጋቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ነው።

ባንክ ውስጥ ያለ የሰርቨር ክፍል እንውሰድ። 10 ኪሎ ዋት የሚያወጣ አንድ መደርደሪያ አለ፤ አየሩ በውስጡ ሲያልፍ 12 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ይፈለጋል። በባሕር ወለል በሰከንድ 0.69 ኪዩቢክ ሜትር አየር ይበቃል። እዚህ 0.92 ያስፈልጋል። ከካታሎግ ላይ 0.69 የሚል ማራገቢያ የተገዛለት መደርደሪያ አየሩ በ12 ፈንታ በ16 ዲግሪ ይሞቃል።

ማራገቢያ በሌለበት፣ ሙቅ አየር በራሱ ሲነሳ ደግሞ ልዩነቱ በሌላ መንገድ ይመጣል። የዚህ እንቅስቃሴ መለኪያ የሬይሊ ቁጥር ነው። በ3 ሜትር ግድግዳና በ10 ዲግሪ ልዩነት በባሕር ወለል 28 ቢሊዮን የሚሆነው እዚህ 16 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ እፍጋቱ በዝልግልግነቱም በሥርገቱም በኩል ሁለት ጊዜ ስለሚገባ። ከግድግዳው ወደ አየሩ የሚያልፈው ሙቀት በዚህ ቁጥር ኪዩብ ሥር (ሦስተኛ ሥር) ስለሚሄድ ቅናሹ 17 በመቶ ያህል ይሆናል። በተፈጥሮ አየር ይቀዘቅዛል የተባለ አትሪየም ከታሰበው በላይ የሚሞቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኬላው ላይ ያለው ሚዛን የሚመዝነው እፍጋትን አባዝቶ ነው፤ እፍጋቱ ከተሳሳተ ሁሉም ኤለመንት በተሳሳተ ሚዛን ሒሳቡን በትክክል ይዘጋል። ፔክሌው ተጠብቆ፣ ቅጣቱ ተመጥኖ፣ ሊሚተሩ በቦታው ሆኖ፣ ዝላዮቹ ከ0.01 ዲግሪ በታች ወርደው መልሱ ሩቅ ሊሆን ይችላል። የታወቁ ሶፍትዌሮች አየር ሲመረጥ በራሳቸው የሚሞሉት እፍጋት 1.225 ነው፤ በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ያለ አየር። ለአዲስ አበባ ከሚገባው 36 በመቶ ይበልጣል። ባለ 80 ገጽ ሪፖርት የደረሰው ሰው ከሥዕሎቹ በፊት የግብዓት ሰንጠረዡን ይገልብጥ፤ «እፍጋት» የሚለው መስመር ላይ 1.225 ካለ ሪፖርቱን ለአማካሪው ይመልሰው፣ የዘዴው ክርክር ሰንጠረዡ ተስተካክሎ ሲመጣ ይቀጥላል።